የኦም ሕግ

የኦም ሕግ በአንድ አስተላላፊ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ በሁለቱ ጫፎች መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር በቀጥታ፣ ከአስተላላፊው ተቃውሞ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ እንደሚመጣጠን የሚገልጽ የፊዚክስ ሕግ ነው። ቮልቴጅ የኤሌክትሪክ ቻርጅን የሚያንቀሳቅሰው ግፊት ሲሆን በቮልት፣ ኮረንቲ በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የቻርጅ መጠን ሲሆን በአምፔር፣ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ደግሞ አስተላላፊው ፍሰቱን የሚገታበት መጠን ሲሆን በኦም ይለካል፤ ቮልቴጁ ለተቃውሞው ሲካፈል ኮረንቲው ይገኛል።

ሕጉን ያገኘው ጀርመናዊው ጌዎርግ ሲሞን ኦም (1789–1854 እ.ኤ.አ.) በኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ ነው። የዘመኑ ባትሪዎች ቮልቴጅ እየዋዠቀ ልኬቱን ስላበላሸበት፣ የመዳብና የቢስሙት መጋጠሚያዎችን አንዱን በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ በማኖር ከሙቀት ልዩነታቸው የማይለዋወጥ ቮልቴጅ አገኘ፤ የሥራው ትልቁ ብልሃትም ይኸው ነው። ውጤቱን በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ቢያሳትምም በአገሩ በቀዝቃዛ ስሜት የተቀበሉት ሲሆን፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ግን በ1841 እ.ኤ.አ. የኮፕሊ ሜዳልያ ሸልሞታል።

ሕጉ የሙቀት መጠናቸው በማይለወጥ ብረታ ብረቶች ላይ በሚገባ ሲሠራ፣ እንደ ዳዮድ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን አይገዙለትም፤ የአምፖል ክርም ሲግል ተቃውሞው ይጨምራል።

በኢትዮጵያ በተለመደው የ220 ቮልት መስመር ላይ፣ 14 ኦም ተቃውሞ ያለው የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህን ያህል ኮረንቲ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ቢያልፍ የሽቦውን ሽፋን እስከ ማቅለጥ ሊያግለው ስለሚችል፣ ምጣድ በወፍራም ሽቦ በተዘረጋ የራሱ መስመር ላይ ሊገጠም ይገባል።