ከጫካው መጠለያ የወጡ ሰዎች

ከዋሽንግተን ዲሲና ከሜሪላንድ ሐበሻ መሃል ግሩፕ ሆም ሠርቶ የማያውቅ፣ ወይም እዚያ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሰው ብዙ አይደለም። ታክሲ፣ ፓርኪንግ፣ ግሩፕ ሆም፤ የለመድነው ሰልፍ ነው። ሥራውን የምናውቀው በሰዓት ክፍያው፣ በናይት ሺፍቱና በሚሞላው ወረቀት ብዛት ነው። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ግን ቡና ላይ እንኳን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እኔን ወደ ታሪኩ የወሰደኝ የምግብ መመሪያው ነው።

እኛ ዘንድ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ጉርሻው ሲተልቅ ፍቅሩም ይተልቃል። እዚህ ግን የአንዳንዱ ሰው የአመጋገብ መመሪያ ብቻውን ሦስት ገጽ ነው፦ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ ይሁን፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ አይሰጠው፣ ውሃው በማወፈሪያ ዱቄት ይወፍር፣ ከበላ በኋላ ቶሎ አይተኛ። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ "ኧረ እነዚህ ሰዎች ሲያካብዱ!" ማለቱ አይቀርም። ያካበዱት ግን በምክንያት ነው። ምክንያቱም ያለው ከዲሲ ብዙም በማይርቀው በሎሬል፣ ሜሪላንድ ነው።

የዲሲ አስተዳደር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የሚያኖርበትን ተቋም እዚያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። በኋላ ስሙ ፎረስት ሄቨን ሆነ፤ "የጫካ መጠለያ" እንደማለት። ሲጀመር የታሰበው ክፉ አልነበረም፤ ከከተማው ጫጫታ ራቅ ያለ፣ እርሻ ያለበት፣ ሰው ሥራ የሚማርበት ሰፊ ግቢ ነው። እየቆየ ግን ከ1 ሺህ በላይ ሰው የታጨቀበትና ሠራተኛ የማይበቃው ቦታ ሆነ። በልጅነታቸው ገብተው እዚያው አርጅተው የሞቱ አሉ። ከ380 በላይ ሰዎች በግቢው መቃብር ምልክት ሳይደረግላቸው ተቀብረዋል። መታሰቢያ ድንጋይ የቆመላቸው በ1987 ነው፤ እሱም በቤተሰቦች ጥረት።

ጆይ ኢቫንስ የገባችው በ1968 ገና ልጅ ሳለች ነው። የልጆቻቸው ሁኔታ ያንገበገባቸው ቤተሰቦች በ1976 አስተዳደሩን ከሰሱ፤ መዝገቡም በእሷ ቤተሰብ ስም "ኢቫንስ" ተባለ። ጆይ ፍርዱን ሳታይ ሞተች። በ1978 ዳኛ ጆን ፕራት ነዋሪዎቹ ወጥተው በማኅበረሰቡ መሃል እንዲኖሩ የሚያስገድድ ስምምነት አጸደቁ። በሩ የተዘጋው ግን በኦክቶበር 1991 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት እንኳን ምግብ ወደ ሳንባቸው እየገባ በሳንባ ምች የሚሞቱ ነበሩ። አንድ ሠራተኛ ብዙ ሰው ሲያበላ፣ የተኛውን በተኛበት ሲያጎርስ፣ ጊዜ የለምና ሲጣደፍ የሚመጣው ይኸው ነው። ያ "ያካበዱት" ሦስት ገጽ ያለዚህ ሞት አይገባም።

ተቋሙ ሲዘጋ ነገሩ ያበቃ መስሎ ነበር። አላበቃም። በ1999 ካትሪን ቡ የተባለች ጋዜጠኛ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ባወጣችው ዘገባ፣ ከ1993 ወዲህ በዲሲ ግሩፕ ሆሞች የሞቱ 116 ሰዎችን ቆጠረች። ጋዜጣው በሥራዋ የ2000 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። ትልቁ ግቢ ተዘግቶ በየሰፈሩ ትንንሽ ፎረስት ሄቨኖች ተተክለው ነበር ማለት ነው። የኢቫንስ መዝገብ የተዘጋው በ2017 ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ። የአገር ቤት የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሰለቸው ይህን ይስማ።

ቤት መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ ቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ጆን ኦብራየንና ቤዝ ማውንት በ1980ዎቹ ሰው-ተኮር ዕቅድ የሚባለውን ካስጀመሩት መሃል ናቸው። ያን ጊዜ ዕቅድ የሚጀምረው ከድርጅቱ ነበር፦ ምን ፕሮግራም አለን? ክፍት ቦታ የት አለ? ሰውየው እዚያ ይሰካል። እነሱ ነገሩን ገለበጡት፦ ይህን ሰው በቅርብ የሚያውቀው ማነው? ምን ይወዳል? ምን ዓይነት ኑሮ ይመኛል? አገልግሎቱ ከዚያ በኋላ ይፈለግለታል። ሐሳቡ ደንብ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ፈጀ። በ2014 የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ በሜዲኬይድ ገንዘብ በማኅበረሰብ ውስጥ የሚደገፉ ሰዎች ዕቅዳቸውን በተቻለ መጠን ራሳቸው እንዲመሩ ያዛል። በድርጅት ቤት የሚኖር ሰው በሩን መቆለፍ፣ የክፍል ጓደኛውን መምረጥ፣ በፈለገው ሰዓት መብላትና እንግዳ መቀበል ይችላል ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ፍሪጅ ለመክፈት ደንብ ይወጣል እንዴ? የፎረስት ሄቨንን ታሪክ ያወቀ ግን አይስቅም።

አቶ ሪካርዶ ቶርንተን የፎረስት ሄቨን ነዋሪ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶናም እንዲሁ። ከወጡ በኋላ አቶ ሪካርዶ በዲሲው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረው ለአሥርት ዓመታት ሠሩ። በ1984 ተጋቡ፤ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በሕይወታቸው ላይ ፊልም ተሠራ። አቶ ሪካርዶ በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ተቋም ኑሮ መስክረዋል። "አቶ" እና "ወይዘሮ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ምክንያቱም እኛ ሐበሻ ሠራተኞች በአማርኛ ስናወራ የምንላቸው "ልጆቹ" ነው። "ልጆቹ በሉ?" "ልጁን አጠብከው?" ልጁ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው! አገር ቤት ቢሆን ከወንበራችን ተነስተን "አባባ፣ ይቀመጡ" የምንላቸው ሰው። በክፋት አይደለም፤ ብዙዎቻችን ከልብ እንወዳቸዋለን። ግን አንተንና አንቱን የሚለይ ቋንቋ ይዘን፣ እዚህ ቤት ስንገባ አንቱታውን በር ላይ ጥለነው መግባታችን ያናድደኛል። እንግሊዝኛው ለሁሉም "ዩ" ስለሆነ ይሸፍናል፤ አማርኛ አይሸፍንም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ቃል ለመለወጥ ሕግ አስፈልጓቸዋል፤ የ2010ሩ የሮዛ ሕግ ስድብ የሆነውን አሮጌ መጠሪያ ከፌዴራል ሕጎች አወጣ። እኛ "ዘገምተኛ"ን ገና አልጣልንም።

ወረቀቱ አሁንም ወረቀት ነው። ያለፈውን ዓመት ዕቅድ ገልብጠው ቀኑን ብቻ ሲቀይሩ አይቻለሁ። ሌላም አይቻለሁ። እኔ የምረዳቸው አንድ አዛውንት ከፎረስት ሄቨን የወጡ ናቸው፤ ንግግራቸው ጥቂት ነው። በየዓመቱ ስብሰባ ላይ "ምን ይፈልጋሉ?" ሲባሉ ሠራተኛው ቀድሞ "ፒዛ ይወዳሉ፣ ሞል መሄድ ይወዳሉ" ይልላቸዋል። አንድ ዓመት አስተባባሪዋ ሁላችንንም ዝም አሰኝታ ጠበቀች። ዝምታው እስኪጨንቀን ረዘመ። እሳቸው ወገቤ ላይ ወደተንጠለጠለው ቁልፍ ጠቁመው "ኪይ" አሉ።

አምስት ወር ፈጀ። እሳት ቢነሳስ? ውስጥ ቢወድቁስ? ተባለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በመጨረሻ ሠራተኛው ለአደጋ ጊዜ ከውጭ ሊከፍተው የሚችል ቁልፍ ተገጠመላቸው። አሁን አንኳኳለሁ። አንዳንድ ቀን "ኖ" ይሉኛል፤ ሳሎን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።