የሌዘር ብርሃን ትርኢት ታሪክና አሮጌ መሣሪያዎቹን የማደስ ጥያቄ

ስለ ሌዘር የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሕክምና፣ ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ፋብሪካ ሥራ ነው። ሌዘር ግን ገና በሕፃንነቱ ወደ ትርኢት አዳራሽ ገብቶ የጥበብ መሣሪያ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ የተሠሩት ማሳያ መሣሪያዎች ዛሬ በዕድሜ ብዛት እየተበላሹ ሄደዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የነዚህን መሣሪያዎች አመጣጥ ከገለጽን በኋላ፣ ሲታደሱ ምን መጠበቅ፣ ምንስ መለወጥ እንደሚገባ መመርመር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የሰጠነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩ ሥር ከሌዘር በፊት ነው። በ1857 ሊሳዡ የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ በሁለት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ላይ ትንንሽ መስተዋቶች አድርጎ፣ አንዱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለተኛውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲርገበገብ አደረገ። ከሁለቱ መስተዋቶች ተራ በተራ የነጠረው ጨረር ክብ፣ ሞላላ ወይም የ8 ቁጥርን የሚመስል ሥዕል ሣለ። የሌዘር ትርኢት መሣሪያ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በሹካው ፈንታ ኤሌክትሪክ፣ በመብራቱ ፈንታ ሌዘር ገባ እንጂ።

የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን በግንቦት ወር 1960 በካሊፎርኒያ አሠራ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1969፣ ሎዌል ክሮስ ከፊዚክስ መምህሩ ከካርሰን ጄፍሪስና ከሙዚቃ ደራሲው ከዴቪድ ቱዶር ጋር ሆኖ፣ በሚልስ ኮሌጅ በሙዚቃ ድምፅ የሚንቀሳቀስ የሌዘር ሥዕል ለሕዝብ አሳየ። ቀጥሎም በ1970 ለኦሳካው የዓለም ኤግዚቢሽን ሌላ መሣሪያ ተሠራ። በዚሁ ዓመት ኢቫን ድራየር የተባለው የፊልም ሠሪ፣ የፊዚክስ ሊቋ ኤልሳ ጋርማየር በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የምታሳየውን የሌዘር ብርሃን ተመለከተ። ያየውን በፊልም ለማንሳት ቢሞክርም የብርሃኑ ጥራት በፊልም ላይ እንደማይገኝ ስለ ተረዳ፣ ሰው በዓይኑ እንዲያየው ለማድረግ ቆረጠ። ኅዳር 19 ቀን 1973 በሎስ አንጀለስ በግሪፊዝ የከዋክብት መመልከቻ አዳራሽ «ሌዘሪየም» የተባለው ትርኢት ተከፈተ፤ በዚያው ስፍራም 28 ዓመት ያህል ቆየ።

አሁን ወደ መሣሪያው አሠራር እንለፍ። የሌዘሪየም ብርሃን የሚመነጨው 1 ዋት ያህል ኃይል ካለው የክሪፕቶን ጋዝ ሌዘር ነበር። ይህ ጨረር በፕሪዝም ሲያልፍ ወደ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይከፈላል። እያንዳንዱ ቀለም ጋልቫኖሜትር በሚባል መሣሪያ ላይ ወደ ተተከሉ ሁለት ትንንሽ መስተዋቶች ይሄዳል። ወደ ጋልቫኖሜትሩ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሲጨምርና ሲቀንስ መስተዋቱ ይዞራል፤ ዓይናችንም የጨረሩን ፈጣን ጉዞ እንደ አንድ የተያያዘ መሥመር አድርጎ ያየዋል። መስተዋቶቹን የሚነዱት ሞገዶች ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ በሩብ ዙር ቢለያዩ ክብ ይወጣል፤ የአንዱ ፍጥነት የሌላው እጥፍ ቢሆን የ8 ቁጥር ቅርጽ ይገኛል። ፍጥነታቸው በጥቂቱ ሲዛነፍ ደግሞ ሥዕሉ በዝግታ ይገላበጣል። ትርኢቱን የሚመራው ሰው በጨለማ ተቀምጦ፣ ሙዚቃውን እየሰማ፣ ቁልፎቹን በእጁ እያዞረ ይህን ሁሉ ይቆጣጠር ነበር። ስለዚህ የሁለት ሌሊት ትርኢት ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆንም።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ሲያረጅ ሕመሙ የታወቀ ነው። በኮንደንሰሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ከኃይል ማከፋፈያው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማይጣራ፣ በአሜሪካ መሥመር በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ወደ መስተዋቶቹ ይደርሳል፤ ንጹሕ የነበረውም ክብ ጠርዙ ይርገፈገፋል። የማስተካከያ ቁልፎቹ አቧራና ዝገት ይዘው ሥዕሉን ያዘልላሉ። በቆርቆሮ የተበየዱት መጋጠሚያዎች ይሰነጠቃሉ። ሙዚቃ የተቀዳባቸው አንዳንድ አሮጌ ቴፖችም እርጥበት ስበው ይጣበቃሉ።

የሚያድስ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መበየድ ሳይሆን መመዝገብ ነው። ሽቦው ሁሉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ በየሰሌዳው ላይ በእጅ የተጻፈው ምልክት ምን እንደ ሆነ፣ ቁልፎቹ በየትኛው ቦታ እንደ ቆሙ ሳይነካቸው ይጻፋል። ቀጥሎም ሌዘሩ ሳይበራ፣ ወደ መስተዋቶቹ የሚሄዱት ሁለት ሞገዶች በኦስሲሎስኮፕ ይታያሉ፤ በግድግዳው ላይ ሊታይ የሚገባው ሥዕል በትንሿ መስኮት ላይ ያለ አደጋ ይገኛል። የደረቀ ኮንደንሰር በአዲስ ቢተካ የሚጎዳ ነገር የለም።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የክሪፕቶን ቱቦ ጋዙ ሲያልቅ ብዙዎች በዘመናዊ ዳዮድ ሌዘር ይተኩታል። ወጪው ይቀንሳል፤ ውሃ ማቀዝቀዣና ብዙ ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። ነገር ግን የክሪፕቶን ብጫ ራሱን የቻለ ብጫ ሲሆን፣ የአዲሱ ብጫ አብዛኛውን ጊዜ ከቀይና ከአረንጓዴ የተቀላቀለ ነው። ለዓይን ቢመሳሰሉም ፕሪዝም ይለያቸዋል። እንዲሁም የቀድሞው ሞገድ አመንጪ በኮምፒዩተር ቢተካ ሥዕሉ ፈጽሞ አይዛነፍም፤ ያን መዛነፍ እየተከተለ የሚያርመው እጅ ግን ሥራ ፈት ይሆናል። ጉድለቱ ሲጠፋ ጥበቡም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው።

በሌላ ወገን፣ ሁሉም እንደ ነበረ ይቆይ ማለትም አይቻልም። መስተዋቶቹ በድንገት ቢቆሙ ጨረሩ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ የተመልካችን ዓይን ሊያሳውር ይችላል። በአሜሪካ የሌዘር ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ1976 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ጨረሩን ወዲያው የሚዘጋ መከላከያ ባይኖረው አያስደንቅም። ይህን መጨመር ታሪክን ማበላሸት አይደለም።

በእኛ አስተያየት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሰጡን የብራና ጸሐፊዎቻችን ናቸው። ብራናው ሲቀደድ ይሰፉታል፤ ስፌቱም ለሁሉ ይታያል፤ ቃሉን ግን አይነኩም። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ኮንደንሰሩ፣ ሽቦውና መከላከያው ብራና ናቸው፤ ሞገድ አመንጪው፣ የመስተዋቱ አካሄድና የእጁ ቁልፍ ግን ቃሉ ናቸው። ቱቦው በግድ ቢተካ እንኳ ስፌቱ ይታይ ዘንድ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ አሮጌው ቱቦም ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ። ያለዚያ ወደፊት የሚመጣው ተመራማሪ የ1973ን ብርሃን ያየ መስሎት የኛን ዘመን ብርሃን አይቶ ይመለሳል።