«ተራህ ነው» የማይባልበት ቼዝ

ቼዝ የምትጫወቱ ልጆች «ሲሲሊያን መከላከያ» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ነጭ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ሲያስኬድ፣ ጥቁርም በንግሥቱ በኩል ካለው ቢሾፕ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ያስኬዳል። ሐሳቡ መሃሉን ከጎን ሆኖ መጠበቅ ነው። ነጭ ሌላ ወታደር ወደ መሃል ካመጣ፣ ጥቁር የጎን ወታደሩን ሰጥቶ የመሃሉን ይወስዳል።

ይህ መከላከያ በአገራችን ሰንጠረዥ ይሠራ ነበር? ሰንጠረዥ በድሮ ቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የተወደደ ጨዋታ ነበር። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል፤ እቴጌ ጣይቱም ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ ይባላል። ሕጉን በዝርዝር ከጻፉት አንዱ በ1860 እ.ኤ.አ. የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው።

አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም! ሁለቱም እኩል፣ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን መልሶ ያስተካክላል። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በዛሬው ቼዝ ነጭ ስለሚቀድም ጥቁር ሁሌም አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው፤ መከላከያ የሚባለውም ለዚህ የሚሰጥ መልስ ነው። በወረራ ግን ቀዳሚ ስለሌለ መልስ የሚሰጠው ለአንድ እርምጃ ሳይሆን ለጠቅላላው አሰላለፍ ነው። ወታደሩም (መደቅ ይባላል) የሚሄደው አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው።

ደግሞ ቶሎ የሚያስደነግጥ ጠጠር የለም። ንግሥቷ ረጅም መንገድ መሄድ የጀመረችው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ነው። ሰንጠረዥ የድሮውን ሕግ ይዞ ስለቆየ፣ በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ የሚበላው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ፊሉ ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ስለዚህ ለመሰለፍ ጊዜ አለ። ዋናው ጥበብ ያለጠባቂ የቆመ ጠጠር አለመተው ነው፤ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነዋ!

ቡሬም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ባላችሁ ቼዝ ሞክሩት። ንግሥቷን ፈርዝ፣ ቢሾፑን ፊል አድርጉና ወረራ ጀምሩ። መቼ መብላት እንዳለባችሁ መወሰን ከምታስቡት በላይ ይከብዳል።