የመተማ ሠርግና ማዕዱ

በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም የምትጠራው መተማ ዮሐንስ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ስፍራ ናት። ከዚያ ጦርነት በፊት ግን ብዙ ዘመን የገበያ ከተማ ነበረች፤ ተክሩር የሚባሉ እስላሞች ሰፍረውባት፥ የጎንደርም ነጋዴ ቡናና ሰም ጭኖ ይወርድባት ነበር።

ገበያ የሚያገናኛቸውን ሁለቱን ወገኖች የሠርግ ማዕድ ይለያቸዋል፤ ክርስቲያኑ የእስላሙን፥ እስላሙም የክርስቲያኑን ዕርድ አይበላምና። እንግዲህ ደጋሹ አንድ የሥጋ ወጥ ብቻ ቢመርጥ ከወዳጆቹ እኩሌታውን ጦሙን ያሳድራል። ስለዚህ በሀገራችን የቈየው ልማድ ለእስላም እንግዳ ከብት ለይቶ መስጠት፥ በራሱም ወገን እጅ አሳርዶ በሌላ ድስት ማሠራት ነው።

ሁለት ከብት ማረድ ግን ሀብት ይጠይቃል። በክፉ ቀን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፥ በሽታ የሀገሩን ከብት በአብዛኛው በፈጀ ጊዜ፥ እንኳን ሁለት አንድ በሬም ብርቅ ሆኖ ነበር።

ሽሮና ምስር ዕርድ የለባቸውምና ሁለቱም ወገን ከአንድ መሶብ ይቈርስባቸዋል፤ የቈላው ሰሊጥም ዘይቱን አይነፍግም። ነገር ግን ሠርግ በፍስክ ወራት ስለሚደገስ፥ ሥጋ የሌለበት ድግስ ለደጋሹ እንደ ውርደት ይቈጠርበታል። ክብሩንና ወዳጁን አንድነት ለመጠበቅ የሚሻ ሰው፥ ወጡን ሳይመርጥ አስቀድሞ እንግዶቹን ይቍጠር።