ባልጋዳው ምን ይሰጠናል?

መንገድ ላይ ገንዘብ መክፈል ከቻይና ብድር ጋር የመጣ ለሚመስላችሁ ወዳጆቻችን፣ እስቲ ወደ ድሮዋ መቀሌ እንመለስ።

የጨው ነጋዴዎች ከአፋር ረባዳ ምድር አሞሌ በግመልና በበቅሎ ጭነው ወደ ትግራይ ደጋ ሲወጡ ግብር ይከፍሉ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግብሩን የሚሰበስበው ሹም ማዕረጉ «ባልጋዳ» ነው። ባልጋዳው ታዲያ እጁን ዘርግቶ ብቻ አይቀመጥም፤ ሲራራውን ከዘራፊ መጠበቅም ሥራው ነበር። ነጋዴው ይከፍላል፣ ጨዉ በሰላም ይገባል። ነገሩ ውል ነው።

ውሉ የሚበላሸው በየወንዙና በየበሩ ሌላ ኬላ ሲተከል ነው። ሁሉም ድርሻዬን ይላል፤ አቀበቱና ድንጋዩ ግን ያው ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በአገራችን የመጀመሪያው ባለ ክፍያ አውራ ጎዳና ነው። የቸኮለ ከፍሎ ይነጉዳል። ያልቸኮለ፣ ወይም ኪሱ ያልፈቀደለት፣ በቢሾፍቱ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ አለለት። ምርጫ ስላለው ውሉ ደህና ነው እንላለን።

ምርጫው ሲጠብስ? የአውስትራሊያዋን ሜልቦርን እንይ። ከከተማዋ ወደ ቱላማሪን አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል ለዓመታት በነጻ ይነዳበት ነበር። ሲቲሊንክ የተባለው 22 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ከነዋሻዎቹ ሲከፈት፣ ያ ነጻ የነበረው ክፍል ሰፍቶ ክፍያ ተጣለበት። ሰብሳቢው ትራንስኧርባን የተባለ የግል ኩባንያ ነው። እዚያ የኬላ ዘብ እንኳን የለም፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ዕቃ ጢጥ ስትል ሒሳብ ይቆረጣል።

መቀሌን በኲሓ በኩል ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያገናኘው መንገድ ዋሻም የክፍያ በርም የለውም። ግን በጦርነቱ ዘመን ነጻው መንገድ ምን ጠቀመ? ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ እንደገና የጀመረው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሰው ከአስፋልት ይልቅ የሚፈልገው በሰላም መድረስን እንደሆነ ያን ጊዜ አየን። የጨው ነጋዴዎቹ ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ነገ አንዱ መጥቶ «የኤርፖርቱን መንገድ በክፍያ ላዘምንላችሁ» ቢል፣ ስንት ብር ነው ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቀው፦ አሮጌው መንገድ ለሌለው ሰው ይቆያል ወይ? ባልጋዳውስ በምላሹ ምን ይሰጠናል?