‘የሞት ግብር’ እና ‘ያለ ክፍያ’፦ በፖለቲካና በንግድ ቃላት ውሳኔን እንዴት ይለውጣሉ?

በአሜሪካ የፌደራል መንግሥት ባለሀብቶች ሲሞቱ ለወራሾቻቸው ከሚያስተላልፉት ሀብት ግብር መሰብሰብ የጀመረው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1916 ነው። በ1990ዎቹ ሪፐብሊካን ፖለቲከኞች ደረቁን የሕግ ስያሜ ትተው ‘የሞት ግብር’ ማለትን አዘወተሩ። ግብሩ የሚመለከተው እጅግ ሀብታም የሆኑ ጥቂት ቤተሰቦችን ነው። ሞት ግን ለማንም አይቀርም፤ በመሆኑም አዲሱ ስም የሚያወርሰው የሌለውን ሰው ጭምር የጉዳዩ ባለቤት አደረገው። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ በ2001 በፈረሙት ሕግ ግብሩ እየቀነሰ ሄዶ በ2010 ለአንድ ዓመት ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ። ለዚህ ምክንያቱ ስያሜው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ክርክሩ የተካሄደው ግን በስያሜው ሜዳ ላይ ነበር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካህነማን በ1981 ባሳተሙት ጥናት ይህን የቃላት ጉልበት በቁጥር አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ 600 ሰዎችን ይገድላል የተባለ ወረርሽኝ ቢመጣ የትኛውን እርምጃ እንደሚመርጡ ተጠየቁ። ‘200 ሰዎች በእርግጠኝነት ይድናሉ’ የሚል አማራጭ ከቀረበላቸው 72 በመቶው ይህንኑ መረጡ፤ ሁሉም የሚድኑበት ዕድል ከሦስት አንድ ብቻ የሆነውን ሌላውን አማራጭ ተዉት። ለሌላ ቡድን ያው የመጀመሪያ እርምጃ ‘400 ሰዎች ይሞታሉ’ ተብሎ ሲቀርብ ግን 78 በመቶው ሸሽተው ዕድላቸውን መሞከር መረጡ። ስሌቱ አንድ ነው።

ስለዚህ አሳማኝ ተናጋሪ የራሱን ቃል ይዞ ይገባል። የባላጋራውን ቃል ተውሶ የሚያስተባብል ያንኑ ቃል ያሰራጫል። ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት በተወጠሩበት በኅዳር 1973 ‘አጭበርባሪ አይደለሁም’ አሉ፤ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ የቀረው ‘አጭበርባሪ’ የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ የቀድሞ የፍርድ አደባባይም አንደበተ ርቱዕነት ትልቅ መሣሪያ ነበር። በ‘በላ ልበልሃ’ ሙግት ግን ባላጋራ ፊት ለፊት ቆሞ እዚያው ይመልሳል። ማስታወቂያ እንዲህ ያለ መላሽ የለውም፤ አሳሳቢነቱም እዚህ ላይ ነው።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሐዋላ ማስታወቂያ ነው። ‘ያለ ክፍያ ይላኩ’ የሚለው ሐረግ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የአገልግሎት ክፍያው በእርግጥም ዜሮ ነው። ድርጅቱ ግን ትርፉን ከምንዛሪ ተመኑ ላይ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ሰው 300 ዶላር አለው እንበል። ያለ ክፍያ በ145 ብር ሂሳብ ቢልክ ቤተሰቡ 43,500 ብር ያገኛል። 4 ዶላር አስከፍሎ ቀሪውን በ150 ብር የሚመነዝር ድርጅት ግን 44,400 ብር ያደርሳል። ‘ያለ ክፍያ’ የሚለው የላኪውን ዓይን ከተመኑ ላይ ያነሳል።

ሁለተኛው ድርጅትም ቢሆን አሳማኝ ቃል አያጣም፤ ‘300 ዶላር ይስጡን፣ 44,400 ብር እናደርሳለን’ ማለት ይበቃዋል። ይህ ተጨባጭ ነው፤ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

በአሜሪካ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የሐዋላ ደንብ፣ ላኪው ከመክፈሉ በፊት ክፍያው፣ የምንዛሪ ተመኑና ለተቀባዩ የሚደርሰው የገንዘብ መጠን እንዲገለጽለት ያዛል። በሌላ አገር ያለ ላኪም ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ‘ለተቀባዩ ስንት ብር ይደርሰዋል?’ ብሎ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቆ መልሱን ማወዳደር ይችላል።