ዘመነ ጽጌና የእሸት ወራት በጎንደርና በአካባቢው ደጋ

በአውሮፓውያን ዘንድ መስከረምና ጥቅምት ቅጠል የሚረግፍባቸውና አዝመራ ተሰብስቦ የሚያልቅባቸው ወራት ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን እነዚሁ ወራት ደመናው የሚገለጥባቸው፣ አደይ አበባ መስኩን የሚያለብስባቸው፣ አዝመራውም ገና ለምልሞ የሚታይባቸው ናቸው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ጊዜ መፀው ይሉታል፤ ከዚሁም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። የዚህ ወራት ደስታ ዘወትር የጥጋብ ደስታ ተደርጎ ይነገራል። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን፣ ደስታው ከባዶ ጎተራ ወደ አውድማ የመሻገር ደስታ መሆኑ ይገለጣል።

የጎንደር ከተማ ታሪክ ራሱ ከዚህ የወቅት ሥርዐት ጋራ የተሳሰረ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከመቈርቈራቸው በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ይኖሩ ስለ ነበር፣ ንጉሡ በየዓመቱ የት እንደ ከረመ መመዝገብ በዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደ ነበረ። «ከረመ» የሚለው ግሥና «ክረምት» የሚለው ስም አንድ ሥር አላቸው፤ መክረም ማለት ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሳለ በአንድ ስፍራ መቀመጥ ነው። ስለዚህ የዝናቡ ማቆም ለቤተ መንግሥቱ የዘመቻ፣ ለነጋዴው የጕዞ፣ ለገበሬውም የዘመድ ጥየቃ መክፈቻ ነበረ። ጎንደርን ከሁለት ወገን የሚያዋስኗት ቀሃና አንገረብ ሲጐድሉ፣ መስከረም 17 ቀን የሚውለው መስቀልም ሲከበር፣ በክረምት የተለያየው ሕዝብ እንደ ገና ይገናኛል።

ይሁን እንጂ ይህ የመገናኛ ጊዜ ጎተራ የሚራቈትበት ጊዜ ነው። ከጎንደር በስተ ሰሜን በወገራ በኩል፣ በዳባትና በደባርቅ፣ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ ከእርሱም ጋራ ባቄላና አተር ይዘራሉ። ያለፈው ዓመት እህል በነሐሴና በመስከረም ሲያልቅ፣ ቤተ ሰቡ ጎመንና ድንች እያበሰለ ቀኑን ይገፋል። ወዲያው ቀድሞ የተዘራው ገብስ ፍሬ ሲቋጥር እሸት ይበላል። ዛላው ገና ሳይደርቅ ተቀጥፎ በነበልባል ላይ ይለበለባል፤ በመዳፍም ታሽቶ ገለባው እፍ ተብሎ ትኵሱ ፍሬ ይበላል። ይህም እንኩቶ ይባላል። የባቄላው እሸት ከነጥሬው ይበላል፤ ወይም ከነቈረፍቱ ይቀቀላል። እረኞችም በየመስኩ እሳት አንድደው የሚሰበሰቡት በዚህ ጊዜ ነው።

እሸት መብላት ግን ሥርዐት አለው፤ ምክንያቱም ዛሬ የተቀጠፈው ዛላ ከነገው አውድማ የጐደለ ነው። መንገደኛ ከማሳው ዳር ጥቂት ቀጥፎ ቢቀምስ አይከለከልም፤ በከረጢት ሞልቶ ቢሄድ ግን ነውር ይሆንበታል። ይህ ልማድ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ከተጻፈው ሕግ ጋራ የተስማማ ነው። ለእንግዳ እሸት ማቅረብ የአክብሮት ምልክት ሲሆን፣ ልጆች ደግሞ ማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ፤ በሰሜን ተራሮችም ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሱን እንዳያጠፋው ይጠብቃሉ። ስለዚህ መስኩ የመዝናኛ ስፍራ ብቻ ሳይሆን የጥበቃም ስፍራ ነው።

ከዚህ ጋራ ተያይዞ መታየት ያለበት ጾመ ጽጌ ነው። ይህ ጾም የፈቃድ ጾም ሲሆን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ለማሰብ ይጾማል። በየእሑዱ ሌሊት ካህናቱ በአባ ጽጌ ድንግል የተደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ። የባቄላና የገብስ እሸት የጾም ምግብ ስለሆነ፣ የምእመኑ ትጋትና የወራቱ ማዕድ አይጋጩም። ጾሙ ኅዳር 5 ቀን ይፈጸምና በማግስቱ የቍስቋም በዓል ይከበራል። በጎንደር ይህ በዓል ልዩ ስፍራ አለው፤ እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከቀሃ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ከቤተ መንግሥታቸው ጋራ አሠርተዋልና። ስሙ የተወሰደው ቅዱሱ ቤተ ሰብ በግብፅ ካረፈበት ከቍስቋም ተራራ ነው። የከተማው ሕዝብም ኅዳር 6 ቀን ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ይህም ዘመነ ጽጌ በስደት መታሰቢያ ተጀምሮ በዕረፍት መታሰቢያ የሚዘጋበት ጕዞ ነው።

ይህ ሥርዐት ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ እንደ ነበረ ያሳየው ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ገደማ የገባው የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጀ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቈየ። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም፤ ያልታረሰ ማሳም እሸት የለውም። ዝናቡ ባቆመ ጊዜ አደይ አበባ እንደ ወትሮው ሊፈነዳ ይችላል፤ ከአበባው ቀጥሎ የሚጠበቀው ዛላ ግን በሰው እጅና በበሬ ጕልበት የሚመጣ ነው።

ስለዚህ በእንቍጣጣሽ የሚቀርበው አበባ፣ በጥቅምት የሚለበለበው ዛላና በኅዳር 6 የሚወጣው ኮረብታ የአንድ መንገድ ሦስት ምዕራፎች ናቸው። የደጋው ሰው በእነዚህ ወራት የሚደሰተው ችጋርን ስለ ረሳ አይደለም፤ የችጋሩን ወራት ቈጥሮ መጨረሻውን ስላየ ነው።